ሸክላው ላይ ያለው ትንፋሽ

ሰዓት ጠጋኙ ከፎቁ ክፍል፣ ከብረት ጠረጴዛው ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቷል። ማጅራቱ የጠረጴዛውን ማዕዘን መትቷል፤ ሳክስፎኑ ደረቱ ላይ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ከተፈታ ሰዓት ጎን፣ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል።

በወጣትነቱ በስሙ የወጣውን የሳክስፎን ሙዚቃ ሸክላ ከዘመድ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ሸክላው በሩቅ አገር ገኖ፣ መጥቶ እንዲጫወት ተጋብዞ ነበር። ጉዞው አራት ቀን ቀርቶታል።

ከታች ቤት ልብስ የምትሰፋው ልጁ ዓይኗ አብጧል።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲነፋ ሰማሁት። ልክ እንደ ሸክላው። እንዲህ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም።»

«ሲወድቅስ?»

«በሌላው ጊዜ የስፌት መኪናው ይጮሃል፤ ምንም አልሰማሁም።»

ለጉዞው የተቀጠረው ከበሮ መቺ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከበሮ እንጂ ሌላ አላውቅም። ልምምድ ስላቸው ግን ‹ጣቴ ደርቋል› እያሉ አንድም ቀን አልነፉልኝም።»

የሟች ታናሽ ወንድም፣ የመዝገብ ቤት ጡረተኛው፣ «ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም» አለ። የቀረበለትን ሻይ ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደና መልሶ አስቀመጠው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አባትሽ ጥርሳቸውን መቼ ያወልቃሉ?»

«ሥራ ላይ ሲሆን።»

«ያለ ላይኛው ጥርስ ሳክስፎን አይነፋም። አስከሬኑን ያየው ሐኪምም ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተዋል ብሏል። ስለዚህ የሰማሽው ሌላ ሰው ነው፤ ሲነፉ የወደቁ እንዲመስል መሣሪያውን ደረታቸው ላይ ያኖረው። ያ ሰው ልክ እንደ ሸክላው ከነፋ፣ ሸክላው ላይ ያለውም እሱ ነው። አባትሽ ልምምድ የሸሹት ለዚህ ነው።» ወደ ጡረተኛው ዞረች። «ብዙ ዘመን ቆይቶ የነፋ ሰው የታች ከንፈሩን በውስጥ በኩል ጥርሱ ይቆርጠዋል። ትኩስ ሻይ ሲነካው ያቃጥላል። ከንፈርዎን ያሳዩኝ፣ አባቴ።»

ሰውዬው አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ እጁን አወረደ።

«ያኔ ሙዚቃ መጫወቴን ሰምተው አለቆቼ ከሥራ እንዳያባርሩኝ ብዬ ሸክላው በሱ ስም ይውጣ አልኩ። ዛሬ ግን ለጋበዙህ ሰዎች እውነቱን ንገራቸው ብዬ ለመንኩት። ‹አሁን ማን ያምንሃል?› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«ታዲያ ለምን ነፉት፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«መሄጃ ጠፋኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እጄ ሳክስፎኑ ላይ አረፈ።»

«እኔ እኮ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «አባዬ ዛሬ ደስ ብሎታል ብዬ፣ ስፌቴን አቁሜ ነበር የማዳምጠው።»