ወሯ የገባች ሴት ትታይ

ከወሎ አምጥተው አሶሳ አጠገብ ባሰፈሩን በሁለተኛው ክረምት ነው። ጎረቤቴ እታለም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። እንደ ሁላችንም የገበሬ ማኅበሩን ማሽላ ስታርም ትውላለች።

ሙርሳል የሚባል የአገሩ ልጅ፣ ከበርታ ብሔረሰብ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ማለት የጤና ረዳት፣ በየመንደሩ በእግሩ እየዞረ እርጉዞችን ያያል። ሆድ ይዳስሳል፤ ከዚያ ከእንጨት የተሠራች ቀንድ የምትመስል ማዳመጫ አስደግፎ የልጁን የልብ ትርታ ይሰማል። እኛ አገር ደግሞ ቀንድ የምናውቀው ለዋግምት ነው፤ ገላ በጥተው ደም የሚመጥጡበት። የእታለም አማት እትዬ የወርቅውሃ ማዳመጫዋን ሲያዩ በሩን ዘግተው ቆሙ።

«የአሮጊት ደም ሰልችቶህ የጽንስ ልትመጥጥ መጣህ?» አሉት።

እሱ አልተቆጣም። «እማማ፣ ይሄ ደም አይመጥጥም። ልጅ እንዴት ተኛ፣ እሱን ብቻ ነው የማየው» አለ።

እኔንም አይቶኛል፣ ይኸው በሰላም ወልጃለሁ ብዬ ተሟገትኩ። እትዬ ግን ዓይነ ደረቅ ብለው ሰደቡኝ፤ እሳቸው ያን ሁሉ ልጅ ሲወልዱ ሆዳቸውን ማንም እንዳልነካ ተናገሩ። የእታለም ባል የሻው እናቱ ፊት ምን ይበል፤ መሬት መሬት ያያል። እታለም ከጓዳ ሆና «ይየኝ» አለች። ሰማናት። እትዬ ግን ከበሩ አልተነሡም፤ ሙርሳልም ማዳመጫውን ይዞ ሄደ።

ምጧ ሲመጣ ልጁ አግድም ኖሯል፤ ቀድሞ የወጣው እጁ ነው። ሙርሳል ተጠርቶ ሲደርስ እዚህ የሚሆን ነገር የለም አለን። አስቀድሞ ቢያውቅ መንገዱ ሳይበላሽ አሶሳ ሆስፒታል ወስዶ ያስቀምጣት ነበር። አሶሳ ሊያደርሳት የተነሣው የማኅበሩ ትራክተር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸከሟት፤ ከነልጇ መንገድ ላይ አለፈች።

ከአርባዋ በኋላ እትዬ የወርቅውሃ ነፍሰ ጡር ሴት ልጃቸውን እየመሩ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሙርሳል ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

«የኔ ዓይን ከቆዳ አያልፍም፤ አንተ እያት፣ ልጄ» አሉት።

ዛሬ አሶሳ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ መጥቷል። የልጁ ራስ ወዴት እንደዞረ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዛሬም ግን መሣሪያው ጽንስ ያደርቃል እያሉ ምራታቸውን የሚከለክሉ አሉ። እኔ የምለው፣ ወሯ የገባች ሴት ደህና ብትመስልም ትታይ። ስለ እሷ አማቷን አትጠይቁ፣ ባሏንም አትጠይቁ። እሷን ጠይቋት፤ የምትሞተው እሷ ናት።