ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ

ሽማግሌው መካኒክ ከመጭመቂያው ማሽን ሥር በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ለጠላት እንኳ አይስጥ፤ ያ ሁሉ ብረት ጀርባቸው ላይ ወርዷል። ወለሉ ላይ ግን የዘይት ጠብታ የለም።

«ማንሻውን የነካው ማነው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለች ኦፕሬተሯ፤ ገና የምታጠባ እናት ናት። «አባባ ‹ዝቅ አድርጊው ልጄ› አሉኝ። ሁሌም ሥሩ ገብተው አወራረዱን በጆሯቸው ያዳምጣሉ። ብረቱ እያዘገመ ሲወርድ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ዛሬ ግን ዱብ አለ!»

«ስንቴ ነግረናቸዋል!» አለ የወርክሾፑ ኃላፊ። «ማሽን ይሰማሉ እንጂ ሰው መች ይሰሙ ነበር? ይኸንን ማሽንም ‹ሰው ይፈጃል፣ ለርክክቡ አልፈርምም› ብለው አስቸግረው ነበር።»

ማሽኑን የነደፈው ኢንጂነር ኮምፒዩተሩን አዞረላቸው። «የብረቱን ክብደት፣ የዘይቱን ግፊት፣ የቫልቩን አከፋፈት አስገብቼ አወራረዱን በኮምፒዩተር አስመስዬዋለሁ። ማንሻው በአንዴ ከተሳበ ይኸው ነው።» ስክሪኑ ላይ የብረቱን አወራረድ የሚያሳየው መስመር ገደል እንደገባ ቁልቁል ወረደ። «ጥፋቱ የእጇ ነው።»

ልጅቷ ወህኒ ብትወርድ ያን ጨቅላ ማን ያቅፈዋል?

መርማሪዋ ቫልቩን አሳሸገች። በማግስቱ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ብረቱን ደግፎ የሚይዘው ዘይት ነው። ቱቦ ቢፈነዳ ወለሉ በዘይት ይታጠብ ነበር፤ ስለዚህ ዘይቱ የወጣው በቫልቩ ነው። ቫልቩ ውስጥ ደግሞ ማነቂያ ቀለበት አለ። ቀዳዳው ጠባብ ነውና እጅ የቱንም ያህል ቢፈጥን ብረቱ ማዝገሙ አይቀርም። መመሪያው ላይ ያለውን ልክ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብቼ ሞከርኩት፤ መስመሩ እየተንፏቀቀ ወረደ።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «ያንተው ለምን ገደል ገባ? ሰፊ ቀዳዳ ስለሰጠኸው። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ቫልቩን የከፈተ የለም። መስፋቱን ማን ነገረህ?»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ወደ ታሸገው ቫልቭ ሰረቅ አደረገ። ኃላፊው ማሸጊያውን ቀድዶ ቀለበቱን አወጣ። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ሰፍቷል፤ የተፋቀው ብረት ገና ያብረቀርቃል።

«ኧረ አንተ ሰው! ርክክቡን አልፈርምም ስላሉ፣ ለአንዲት ፊርማ ገደልካቸው?» አለ ኃላፊው።

«የሰፋውን ቀዳዳ ትክክለኛ ልክ ለኮምፒዩተሩ ባልሰጠው መስመሩ ከአደጋው ጋር አይገጥምም ነበር» አለ ኢንጂነሩ። ያሳዘነው የሽማግሌው ሞት ሳይሆን የመስመሩ ነገር ይመስል ነበር።

ፖሊሶች ኢንጂነሩን ሲወስዱት መርማሪዋ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «በይ ሂጂ፣ ልጅሽ ይርበዋል።»

ልጅቷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ መዳፏን እያየች ነበር።

«ቀዳዳውንስ እሱ አሰፋው» አለች። «የሳብኩት ግን እኔ አይደለሁም እንዴ?»