በፎቶ የተመረመረ አፈር

ፍሥሐ ቁይ ከተማ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። ስለ ሳተላይት፣ ስለ ዲጂታል ገንዘብ፣ ስለ ግብርና ፖሊሲ ያልሰማው የለም፤ የሰማውን ደግሞ ለራሱ አያስቀርም። ባንኮች በቅርቡ ይዘጋሉ ይላል። የግብርና ጽሕፈት ቤት ተዘግቶ ለየገበሬው ስልክ ቢታደል አገር ይለወጣል ይላል። አነጋገሩ ያምራል፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ ወደ ትውልድ ቀበሌው ወጥቶ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ሲቀመጥ፣ ዳቦና ጠላ የሚቀማምሱት ገበሬዎች ጆሯቸውን ይሰጡታል። በዚያ ሰንበቴ የተማረ ሰው ሲናገር መሟገት ነውር ነው።

መጋቢት ላይ የቀበሌዋ የልማት ሠራተኛ ሥራነሽ ሰንበቴው መሐል ቆማ ለመነቻቸው። "መሬታችሁ ኮምጥጧል። ከመዝራታችሁ በፊት ኖራ ካልበተናችሁበት ማዳበሪያውም አይረዳችሁም፣ ስንዴውም ይከዳችኋል። ኖራው ቁይ ገብቷል፤ አህያ አሰባስባችሁ አምጡት።"

ፍሥሐ ፈገግ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጥግ አንድ ጭብጥ አፈር ዘግኖ በስልኩ የአፈር መመርመሪያ መተግበሪያ ፎቶ አነሣውና ውጤቱን አሳያቸው። "ይኸው፣ አፈሩ ጤነኛ ነው ይላል። ሰው አፈር በፎቶ በሚመረምርበት ዘመን የድንጋይ ዱቄት ልትሸከሙ ነው?"

"ይሄ እኮ የአጸዱ አፈር ነው፤ ታርሶ አያውቅም" አለች ሥራነሽ። "የእናንተ ማሳ የተመረመረው ላቦራቶሪ ገብቶ ነው።"

"እናንተ ቴክኖሎጂ እንጀራችሁን እንዳይነጥቃችሁ ትፈራላችሁ" አላት። ሰዎቹ ሳቁ። ከመካከላቸው ነገሩ ያልተዋጠለት አልጠፋም፤ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አክስቱ ወለተ ኪዳን ያዝ አደረጉት። ባላቸው ሞተው በአንዲት ማሳ የሚኖሩ፣ ፍሥሐንም በዚያችው ማሳ እህል ያሳደጉ ሴት ናቸው።

"እውነት ኖራው ይቅርብን ትላለህ፣ ልጄ?"

"ይተዉት እትዬ፣ በእኔ ይሁን።"

ነሐሴ ላይ ስንዴያቸው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሰንበቴው ሹልክ ብሎ ኖራ ያመጣው የጎረቤታቸው የአለበል ማሳ ለምልሞ ይታያል። ኅዳር ደርሶ አለበል ሲያጭድ የእሳቸው አዝመራ ለከብት ተለቀቀ። ጎተራው ባዶ ነበርና ሉማሜ ካለች ልጃቸው ዘንድ ለመጠጋት ተነሡ። በስተርጅና ከሰው ደጅ መውደቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ፍሥሐ ሊሸኛቸው ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። አልወቀሱትም። "መሬቱን አለበል በእኩል ይረሰው ወይስ ባሕር ዛፍ ልትከልበት? አንተ የምትለውን ሳልሰማ አልወስንም ብዬ ነው የጠበቅሁህ" አሉት።

ስለ ባሕር ዛፍ የሚለው መቼ ይጠፋዋል፤ ስለ ገበያውም፣ ስለ ከርሰ ምድር ውኃውም ሞልቶታል። አፉን ከፈተና አፈረ።

"አላውቅም፣ እትዬ። ሥራነሽን ይጠይቋት። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር።"

ወለተ ኪዳን ትክ ብለው አዩት። "ታዲያ ያኔ ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?"

እኛም የምንጠየቀው ይህንኑ ነው። ባልገባን ነገር ላይ አዋቂ ሆነን የምንናገር፣ ነገሩ ሳይዋጥልን ለይሉኝታ ስንል ዝም የምንል፣ ሁላችንም። አላውቅም ማለት ማንንም አያስርብም። ወለተ ኪዳን ግን ያ አንድ ቃል በጊዜው ስላልተነገራቸው ቤታቸውን ቆልፈው ሄዱ።