ደረቁ መቀመጫ

ደርበው አምባ ሊወጣ ሲል የማይተዋት አመል አለችው። መጀመሪያ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ያጠብቃል፤ ቀጥሎ የካሜራውን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ ከዚያ ከግንቡ ስር ቆሞ መንገዱን ከታች እስከ አናቱ በዓይኑ ይጨርሰዋል። እግሩ የሚነሳው ዓይኑ ከደረሰ በኋላ ነው። ለትምህርት ሕንድ አገር በኖረባቸው ዓመታት፣ የማራታ ነገሥታት በየተራራው አናት ላይ ያሠሯቸውን ምሽጎች እንዲህ እያለ ነው የዞራቸው። ጥናቱ የእኛን አምባዎች ከእነሱ ጋር የሚያነጻጽር ነበር። አሁን ጥናቱ አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደብረ ታቦር ይመለሳል። ዛሬ የሚወጣባት ሳቫልጋድ በስም ከሚያውቃቸው አምባዎች ሁሉ ያላያት የመጨረሻዋ ናት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ለጥናቱ አላስፈለገችውም። የመጣው ከማደሪያ ክፍሉ ሸሽቶ ነው። ሻንጣውን ካሰረ ወዲህ ክፍሉ ጠቦታል፤ ሰው የማይገባበት፣ ለዓመታት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን የበላበት ክፍል ነው። ወደ አገሩ መመለሱ ደግሞ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ በረታበት። ልጁ ኤልዳና ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው የሄደው። ባለቤቱ ውድነሽ አመሻሽ ላይ ምስል በሚያሳየው ስልክ ትደውልለታለች፤ ሕፃኗ ግን ያንን ጢማም ሰው ባየች ቁጥር ከእናቷ ቀሚስ ስር ትወሸቃለች። «አባዬ በይው እንጂ» ስትባል፣ «እሱ ሰውዬ ነው» ትላለች። ውድነሽ ትስቃለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል። ስልኩ ሲዘጋ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያየ ይቆያል። አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ እዚያም «ሰውዬ» ብትለውስ? ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

የአምባው ጠባቂ ፓንዱራንግ የሚባሉ፣ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ዝሆን እንዳይገፋው በብረት ሾህ ከታጠረው ትልቁ መዝጊያ ላይ የተቆረጠች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ትንሽ በር አለች፤ ቀን ይከፍቷታል፣ ሲመሽ ይዘጓታል። ደርበው ባለፉት ዓመታት ሂንዲ ለምዷልና፣ እንደ አገሩ ወግ «ካካ» ብሎ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሰላም አላቸው።

«ዛሬ ሌላ የወጣ ሰው አለ?»

«በዚህ ክረምት፣ በዚህ ጭጋግ ማን እብድ ይወጣል? አንተ ብቻ ነህ ልጄ» አሉና፣ ሚስታቸው የጋገሩትን የማሽላ ቂጣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። «ሳይመሽ ውረድ። ሌላም ነገር አለ፤ እላይ ስትበላ ተቀምጠህ ብላ። ጨርሰህ አፍህን እስክትጠርግ ማንም ቢመጣ ከመቀመጫህ እንዳትነሳ።»

«ብቻህን ነህ አላሉኝም እንዴ? ማን ይመጣብኛል?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እኔ ባገባሁ ሰሞን አማቴ እላይ መጡብኝ። ተቀምጬ በላሁ። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ የዚህ መንደር ሰው ናቸውና ነገሩን ያውቁታል። ድሮ ጠላት ይህን አምባ ከብቦት ነበር ይባላል። ዘቦቹ የታዘዙት አንድ ነገር ነው፤ ተተኪ ሳይመጣ ማንም ቦታውን እንዳይለቅ። ተተኪ የሚባል አልመጣም።» ይህን ብለው፣ የቀረውን አንተው ጨርሰው እንደማለት እጃቸውን ወደ ጭጋጉ ወረወሩ።

ደርበው በሆዱ ሳቀ። በአባቱ ቤት ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የተገኘ ልጅ ጆሮው ለሦስት ቀን ይግል ነበር።

መንገዱ ከድንጋይ የተፈለፈለ ደረጃ ነው። ውሃ በየደረጃው ይንኳለላል፣ ከጎን ያለው ገደል ጭጋግ ጠጥቶ የታች መንደሩን፣ የሩዝ ማሳውን፣ የመጣበትን አውቶቡስ መንገድ ሁሉ ውጦታል፤ የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ ከግራ ከቀኝ ይነሳል፤ በሌላው አምባ ሁሉ ከግንብ ግንብ እየዘለሉ የሚንጫጩት ረጃጅም ጭራ ያላቸው ዝንጀሮዎች እዚህ አንድም አልታዩ፣ አንድም አልጮኹ። የሚሰማው የገዛ ኮቴው ብቻ ነበር። ያውም ትንሽ ዘግየት ይላል። ደርበው ቆም ሲል ኮቴው አንዴ ረገጥ ያደርግና እሱም ይቆማል። የገደል ማሚቶ ነው ብሎ አለፈው።

አናቱ ላይ ሲደርስ ቤተ መንግሥቱ ከመሠረቱ በቀር የለም። የእህል ጎተራው ጣሪያ ወድቋል፣ ከድንጋይ የተጠረበው የውሃ ጉድጓድ በአረንጓዴ ሽፋን ተሸፍኖ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቅጥሩ ግን ሙሉ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ደግሞ፣ ሌላ አምባ ላይ አይቶት የማያውቀው ነገር አገኘ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ፣ ወደ ግድግዳው ገባ ያለች የዘብ መቀመጫ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ፣ ከእሷም ቀጥሎ ሌላ፣ ጭጋጉ እስከሚጋርዳቸው ድረስ ተደርድረዋል። ድንጋዩ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሶ ጎድጉዷል። ደርበው ደስ አለው፤ የሙያ ደስታ ነው። ጎንበስ ብሎ አንዱን በመዳፉ ዳሰሰው።

ደረቅ ነበር።

ቅጥሩ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከመቀመጫዎቹ በላይ ያለው ድንጋይ ራሱ ይንጠባጠባል፤ መቀመጫዎቹ ግን ደረቅ ናቸው። ሁለተኛውን ነካ፤ ደረቅ ነው። ሦስተኛው ደረቅ ብቻ ሳይሆን ለብ ያለ መሰለው፤ አሁን ሰው እንደተነሳበት ወንበር። እጁን ቶሎ አነሳና ሱሪው ላይ አበሰው። ፎቶ አነሳ። የካሜራው መስኮት ላይ ሲያየው፣ በየመቀመጫው ውስጥ ያለው ጭጋግ ከውጪው ይልቅ ወፍሯል፤ የትከሻ ቁመት ያህል ወፍሮ ይቆማል። አንዷ መቀመጫ ብቻ ጥርት ብላ ባዶ ናት። የእርጥብ ብርድ ልብስ፣ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ያደረበት ክፍል ዓይነት ሽታ ሽው አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ይወርድ ነበር። ደርበው ግን ለዓመታት የሰው ሽታ የናፈቀው ሰው ነው፤ ሽታው ከማስፈራቱ ይልቅ ሆዱን አባባው።

ርቦታል። ቢጫውን የዝናብ ልብሱን አውልቆ በባዶዋ መቀመጫ ላይ አነጠፈና፣ ቦርሳውን ከጎኑ አስቀምጦ ተቀመጠ። ቂጣውን ፈታ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ይህች ተረት በዚያ ክፍል ውስጥ በየምሳው ትመጣበት ነበር። ዛሬም መጣችበት። በራሱ እየቀለደ፣ ቂጣውን ወደ ጭጋጉ ከፍ አደረገና «እንብላ!» አለ።

የበትር ድምፅ ሰማ። ከወደ ጎተራው ነው፤ ድንጋዩን ቀስ እያለ እየመታ ይመጣል። መጀመሪያ በትሩ፣ ቀጥሎ በትሩን የያዘው አመድ የመሰለ እጅ፣ ከዚያም ራሱን በብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ከጭጋጉ ወጣ። ዝናቡ በላዩ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከደርበው ፊት ደርሶም ቆመ።

የፓንዱራንግ ቃል ትዝ ብሎታል። አልረሳም። ግን አሳዳጊ የበደለው አይደለም፤ እግሩ ከራሱ ቀደመ። ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ «ኖር!» አላቸው።

«በእግዜር፤ በእግዜር ልጄ» አሉት ሽማግሌው፤ ተቀመጡም።

ደርበው ዓይኑ እንባ ሞላ። አማርኛ! ያውም የእነሱን አገር አማርኛ። እንዴት እዚህ ሊሰማ እንደቻለ መጠየቅ ነበረበት፤ ከጠየቀ የሚጠፋበት መሰለውና ተወው። «አባቴ፣ ይብሉ እንጂ፣ ይብሉ» ብሎ ቂጣውን አቀረበላቸው። ከልብሳቸው ስር ጎርሰው ሲውጡ የጉሮሯቸው ድምፅ ይሰማል፤ ደረቅ ነገር በጠባብ ቦታ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ።

«ማን አለህ አገር ቤት?» አሉት።

በእነዚያ ዓመታት ይህን የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። አፉ ተፈታ። ስለ ውድነሽ ነገራቸው፣ ስለ ኤልዳና ነገራቸው፣ እናቷ «ኤልዱ» እንደምትላት፣ ከቀሚስ ስር እንደምትወሸቅ፣ «ሰውዬ» እንደምትለው ነገራቸው። «ምን ብዬ እንደማጫውታት አላውቅም አባቴ። አፌ ይያዛል። ሳምንት ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ ባታውቀኝስ ብዬ እሞታለሁ።» ሽማግሌው አንድም ቃል ሳያስቀሩ ሰሙት። በየጉርሻው ወገባቸው ቀና፣ ቀና እያለ መጣ።

«ታድለህ» አሉት። ድምፃቸው መጀመሪያ እንደሰማው የሻከረ አልነበረም።

አሁን ደርበው በዝናብ ቆሟል። ቦርሳው፣ ልብሱ፣ ስልኩ ሁሉ ከሽማግሌው ጋር ናቸው። ይነሡልኝ ማለት አልቻለም፤ ይሉኝታ ያዘው። ታላቅ ሰው ከምግብ ላይ ይነሣል እንዴ? ቁጭ በል እስኪሉት ጠበቀ፣ አላሉትም። ቂጣው ላይ አፍጥጦ የቆመ እንዳይመስል ወደ ቅጥሩ ጫፍ ራቅ አለና ፊቱን አዞረ። ገደሉ ምንም አያሳይም። ጥቂት እንደቆየ አንድ ነገር አስገረመው፤ ብርዱ ለቆታል። እጁን ዘረጋ። ዝናቡ በመዳፉ ላይ ይወርዳል፤ እርጥበቱ ግን አልተሰማውም፣ መዳፉም አልራሰም።

ዞር ሲል መቀመጫው ባዶ ነበር። ጨርቁ ታጥፎ፣ ፍርፋሪውም ተለቅሞ አልቋል። ከታች፣ ደረጃው ላይ፣ ቢጫው የዝናብ ልብስ ቦርሳ አዝሎ፣ በጠንካራ ጉልበት እየዘለለ ይወርዳል።

«አባቴ!» አለ ደርበው። ድምፁ ከአፉ አልወጣም። ሮጠ። እየሮጠ ኮቴውን አዳመጠ፤ ኮቴ የለውም። እንደዚያም ሆኖ ሮጠ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስም ትንሿን በርና ከአጠገቧ የቆሙትን ፓንዱራንግን ከፊቱ አያቸው። አንድ እርምጃ ቀርቶታል። እግሩ ግን ከዚያ ደረጃ በታች አልወርድ አለ። የያዘው ነገር የለም፤ እግሩ ብቻ አይታዘዝም።

ፓንዱራንግ ቢጫውን ልብስ የለበሰውን ሰው አዩና ፈገግ አሉ። «መጣህ ልጄ? በላህ?»

«በልቻለሁ ካካ። ለባለቤትዎ እጅ ይባረክ ይበሉልኝ።» ድምፁ የደርበው ነው። ሂንዲው የደርበው ነው፤ የምትሰናከልበትን ፊደል ሳይቀር ይሰናከልባታል።

«ተቀምጠህ ነው?»

«ተቀምጬ።»

ጠባቂው በእፎይታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በትንሿ በር ወጣና ከውጪ ካለው ክዳን ስር ቆሞ የዝናብ ልብሱን ቆብ ገለጠ፤ የደርበው ጢም፣ የደርበው ግንባር ነው። ፓንዱራንግ አንዴ ወደ ደረጃው ቀና አሉ። ደርበው እጁን አወዛወዘ፣ ጮኸ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ለመናቸው። እሳቸው ጭጋግ እንደሚያይ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱና መዝጊያውን ይዘው መሳብ ጀመሩ። ዝጎ የኖረ ማጠፊያ ነው፤ እያለቀሰ በቀስታ ይመጣል።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው ከኪሱ አውጥቶ ፊት ለፊቱ ያዘው፤ በሚጠበው ክፍተት ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን ፊቱን ሲያበራው ታየ።

«ምነው ዛሬ ፊትህ በራ!» አለች ውድነሽ።

«ልመጣ ነዋ። ኤልዱስ? ኤልዱዬ፣ የት ተደበቅሽ? ቆይ፣ ቆይ፣ እኔም እደበቃለሁ፤ ፈልጊኝ እስቲ» ብሎ ሰውዬው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፣ በጣቶቹ መካከልም አጮልቆ አየ። ደርበው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል አንድም ቀን አልመጣለትም ነበር። የቀሚስ ኮሽታ ተሰማ፣ ትንሽ እግር ሮጠ፣ የልጅ ሳቅ ፈነዳ፤ መዝጊያው ሊገጥም የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረውም የኤልዳና ድምፅ፣ ማንም በይው ሳይላት፣ ጥርት ብሎ «አባዬ!» አለ።