በፍልሰታ የወደቀ ሳምንት

በገርጂ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ አረጋዊና ትርሓስ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ጉልበታቸውን የጨረሱት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እሱ በጭነት ክፍል ሰነድ ሲጽፍ፣ እሷ ደግሞ ከአውሮፕላን የሚወርደው ብርድ ልብስ በሚታጠብበት ክፍል ስትሠራ። ዓለም ሁሉ ከጣሪያቸው በላይ እያገሳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ እነርሱ ግን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚያደርሰው መንገድ ወጥተው አያውቁም። ትርሓስ ጡረታ በወጣችበት ቀን የሥራ ልብሷን እያጣጠፈች፣ «የሰው ጉዞ ሳጥብ አረጀሁ እኮ፣ የፊሊሞን አባት» አለችው። ለቀልድ ነበር ያለችው። አረጋዊ ግን ቃሏን እንደ ክስ ተቀበለው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሚስቱን አንድ ሌሊት ሐይቅ ዳር ሳላሳድር አልሞትም ብሎ በልቡ ቆረጠ።

ብዙም ሳይቆይ በቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ አዲስ ዓይነት ርስት የሚሸጥ ቢሮ መከፈቱን ሰማ። በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የተሠራ የመዝናኛ ቤት በሳምንት ተከፋፍሎ ይሸጣል፤ ገዢው ከዓመቱ አንዱን ሳምንት ይይዛል፤ ያ ሳምንት ዕድሜ ልኩን የእሱ ነው፣ ከእሱም በኋላ የልጁ። አረጋዊ የችኮላ ሰው አልነበረም። ጥቅሙንና ጉዳቱን ለብዙ ቀን አመዛዘነ። ሆቴል ዛሬ ይከራዩታል፣ ነገ ዋጋው ይንርና ከእጅ ይርቃል፤ ይህ ግን የራስ ነው። በሌላ በኩል ቤቱ ቢሄዱበትም ባይሄዱበትም በየዓመቱ የጥገና ክፍያ ይጠይቃል፤ ጊዜንም እንደ በሬ በአንድ ቦታ ያስራል። ይህን ሁሉ በሚዛን አስቀመጠ። ያላስቀመጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ያም አንድ ነገር የሁሉን ያህል ከበደ።

ትርሓስ ከእናቷ የወረሰችውን የአንገት ወርቅ በገዛ እጇ አውልቃ ሰጠችው። «ወርቁ ሣጥን ውስጥ ከሚተኛ፣ እኔ ሐይቅ ዳር ልተኛ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ውሉን ፈርሞ በተመለሰ ዕለት በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ታዲያ ሳምንታችን መቼ ነው?»

«ከኦገስት ስምንት እስከ ዐሥራ አራት።»

«በእኛስ?»

አረጋዊ ውሉን ከኪሱ አውጥቶ ዳግም አየው። ዕድሜውን ሙሉ በጭነት ሰነድ ላይ የፈረንጅ ቀን ሲጽፍ የኖረ እጅ ይህንም በፈረንጅ ቀን ፈርሞት ነበር። ቀኑን በልቡ ወደ አገሩ አቆጣጠር መለሰው። ነሐሴ ሁለት... ፍልሰታ።

«የእመቤቴን ጾም ትቼ ዓሣ እንድጠብስ ነው የተዋዋልክልኝ?» አለችና ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

ምክንያቱን እሱ ያውቃል። ፊሊሞን የተባለው አንድ ልጃቸው ገና ጡት ሳይጥል፣ ትኩሳት አድቅቆት ሐኪሞች እጃቸውን በሰበሰቡበት በአንድ ነሐሴ፣ ትርሓስ ሕፃኑን ታቅፋ ከማርያም ደጅ ወድቃ ነበር። «ይህን ልጅ ተይልኝ እንጂ፣ በሕይወት እስካለሁ ፍልሰታን ከደጅሽ አልርቅም» ብላ ተሳለች። ልጁ ተረፈ፤ አደገ፤ ጢም አወጣ። እሷም ስእለቷን አንድ ዓመት እንኳ ሳታጓድል፣ በዝናብ ነጠላዋ እየራሰ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ትቆም ነበር። ባሏ በእናቷ ወርቅ የገዛላት ዕረፍት በልጇ ነፍስ ዋጋ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ግጥምጥሞሽ ማን ስሕተት ብሎ ይጠራዋል?

አረጋዊ ሳምንቱ ይለወጥልኝ ብሎ ቢሮውን ደጅ ጠና። የሚለውጥ ካገኙ ይለወጥልዎታል አሉት። ነገር ግን ጥርንና ሚያዝያን ትቶ የክረምቱን ጭቃ የሚመርጥ ማን ነው? እንደገና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ቢተወው የአማቱ ወርቅ ከንቱ ቀረ፤ ቢይዘው በየዓመቱ ሌላ ይበላል። በእጁ ያለ ፍም ነበር፤ እንዳይጥለው ውድ ነው፣ እንዳይይዘው ያቃጥላል። ዓመታት አለፉ። ሐይቁ ዳር ያለው ቤት በስሙ ተከፍቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ማንም ሳይተኛበት ይዘጋ ነበር። በመጨረሻ ዓይኑ ሲደክም ለፊሊሞን ውክልና ሰጠው፤ «እስቲ አንተ ተከታተለው ልጄ» ብሎ።

ፊሊሞን ክፉ ልጅ አልነበረም። የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ኪራዩ እያየለ ሊዘጋበት በደረሰ ጊዜ፣ በጥር ወር፣ ማንም የማይተኛበትን ሳምንት በውክልናው ለሌላ ሰው ሸጦ አዛወረ። ለአባቱ ነገ እነግረዋለሁ አለ፤ ነገውም ነገን እየወለደ ሄደ። በግንቦት እናቱ ታመመች። ካንሰር ነው ተባለ፤ ጉበቷን ይዞታል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ትቶ ስለ ምቾቷ ብቻ መናገር ጀመረ።

ሐምሌ ሲጋመስ የንስሐ አባቷ አባ ይትባረክ መጡ። አረጋዊ የሐይቁን ነገር አነሣላቸው። እሳቸውም አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተ ሰንበት፣ የታመመ አይጾምም። ሂጂ፣ ነፋስ ተቀበይ።»

«ስእለቴስ አባቴ?»

«የተሳልሽለት ልጅ አለ አይደል? እሱ ይቁምልሻ።»

ትርሓስ ወደ ልጇ ዞረች። «ትቆምልኛለህ የኔ ልጅ?»

ፊሊሞን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያኔ ቢናገር ምን ነበረበት? አንድ ቃል ብቻ... ነገር ግን የእናቱ ፊት ከስንት ቀን በኋላ ፈክቶ ነበርና እሱን ማጥፋት ፈራ። «እቆማለሁ እማዬ» አለ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ለማስመለስ በስልክ ያልለመነው ሰው፣ በዚያው መዝናኛ ያልጠየቀው ሌላ ክፍል የለም፤ አልሆነለትም። በነሐሴ ሁለት ንጋት ራሱ አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባት፤ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቀለለና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ።

ቢሾፍቱ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በመዝናኛው በር ላይ ምንትዋብ የተባለች ወጣት እንግዳ ተቀባይ ስማቸውን ፈልጋ አጣችው፤ ደጋግማ ፈለገች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሳምንት ከጥር ወዲህ የእርስዎ አይደለም። ልጅዎ በውክልና አዛውሮታል።»

«ሌላ ክፍልስ?»

«ለሥልጠና የመጡ እንግዶች ሁሉንም ይዘውታል።»

የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። አረጋዊ ዞር ሲል ትርሓስ ትመለከተው ነበር፤ መስማቷን ከዓይኗ አወቀ።

«ሌላ ሆቴል እንፈልግ፤ ሞልቷል እኮ ዙሪያውን» አላት።

«አይሆንም። ውኃውን አይቻለሁ። ወደ ቤቴ መልሰኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልጁ ምንም ሳይቀምስ ነው የሚውለው። ይሄኔ ልቡ ተሰቅሏል።»

«ትርሓስ...»

«መስማቴን እንዳይሰማ። ማወቅህንም አይወቅ። ብርዱ ጠናባት፣ ተመለስን በለው። በእመቤቴ ማልልኝ።»

ማለላት። ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ፊሊሞን አመሻሹ ላይ ከግቢው በር ቆሞ ጠበቃቸው፤ እናቱንም ከመኪናው አቅፎ አወረዳት። አረጋዊ ዓይኑን ሳያይ፣ «ብርዱ ጠናባት፣ ተመለስን» አለው። እሷም ከልጇ ደረት ላይ ሆና፣ «ሐይቁ እንዴት ያምራል መሰለህ» አለችው። ያ የመጨረሻው ሙሉ ንግግሯ ሆነ። ጾሙ ሳይፈታ፣ ዝናብ በሚወርድበት ማለዳ፣ ነፍሷ ወጣች።

ከቀብር መልስ ልጁ አባቱን እጁን ይዞ አቆመው። «አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ...»

«ብርድ ነበር ልጄ፣ ሌላ ነገር የለም» አለው አረጋዊ። መሐላውን መጠበቁ ነበር። ነገር ግን ለእናቲቱ የተማለው መሐላ ለልጁ የንስሐውን በር የሚዘጋ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋለም። ፊሊሞን በአባቱ ዝምታ ውስጥ ይቅርታ ይሁን ፍርድ መለየት አቃተው። መምጣቱን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሄዶ በመጨረሻ ቀረ። ሱቁም ተዘጋ፤ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ጠፋ።

ዓመት ዞሮ ነሐሴ ሁለት ሲደርስ አረጋዊ ትርሓስ ትቆምበት ከነበረው ግንብ ሥር ብቻውን ቆመ። ቅዳሴው ሲጋመስ ዓይኑን ቢያነሣ፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከብረት አጥሩ ወዲያ፣ አንድ የከሳ ሰው ጥላ ሳይዝ በዝናብ ቆሟል። ጢሙ አድጓል። ልቡ ወደ እሱ በረረ፤ ሊጠራው አፉን ከፈተ... ግን ምን ብሎ? ይቅር ብዬሃለሁ ካለው ማወቁን ይገልጣል፤ መሐላው ያዘው። እጁን ብቻ አነሣ። ልጁ የተነሣውን እጅ አየ፤ ሂድ የተባለ መስሎት ጀርባውን ሰጠና በዝናቡ ውስጥ ራቀ።

ሰው ያለውን ሁሉ በሚዛን አስቀምጦ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ የራሱ ዕጣ በማን ሚዛን እንዳለ ግን አያውቅም። ዛሬም በቢሾፍቱ፣ በነሐሴ መግቢያ፣ ያ ቤት ይከፈታል፤ አልጋው ይነጠፋል፤ የማያውቋቸው ሰዎች መስኮቱን ከፍተው ውኃውን ያያሉ። በገርጂ ደግሞ አንድ ሽማግሌ የግቢውን በር ሳይቆልፍ ያድራል።