በአልጋው የሚሞተው ጎርባ

ሰባት ፀሐዮች በአንድ ማለዳ ወጡ። የዘምራት ሰዎች በምልክቱ ገና ሳይመክሩ፣ የሦስት ተራራ ቁመት ያለው አውሬ ድሙር የዕጣ ሸክላዎች የሚቀመጡበትን የዱካ ቤት ጣሪያ እንደ ድስት ክዳን ከፍቶ ሸክላዎቹን ሁሉ ይዞ ሄደ። በዘምራት ሕፃን ሲወለድ ቀኝ እግሩ በእርጥብ ሸክላ ላይ ይታተማል፤ ጠቢባንም ከዱካው ዕጣውን አንብበው ከሥሩ ይጽፉለታል። ሸክላዎቹ ሲጠፉ ገበሬው መዝራቱን፣ ሙሽራው ማግባቱን ተወ። የሚያዝዘው ሸክላ የለማ። አገሩ በረሃብ አፋፍ ላይ ቆመ።

ሸክላ ሠሪዋ ሐምሪት መዶሻዋን አንሥታ፣ «ድሙርን ሳልጥል ብመለስ አፈሩ አይቀበለኝ» ብላ ማለች። የተከተላት ጎርባ ብቻ ነው፤ አርባ አንበሳ በአንድ እጁ ያነቀ፣ መብረቅን በጥፊ የመለሰ ጦረኛ።

«ጋሼ ጎርባ፣ ትንሽ እንኳ አይፈሩም?» አለችው በመንገድ።

«ምን ያስፈራኛል ልጄ? ሸክላዬ ‹በዘጠና ዓመቱ በአልጋው ይሞታል› ይላል። አልጋ እስካላየሽ ድረስ አትስጊ።»

ሲደርሱ ድሙር ሸክላዎቹን ከምሮ ተኝቶባቸዋል። ሐምሪት በግራ ብትሞክር ጥፍሩ ቀድሟት በግራ ነበር፤ ጎርባ በቀኝ ቢዞር ጅራቱ ጠበቀው።

«ዱካችንን እያነበበ ነው» አለች። «የት እንደምንረግጥ ከእኛ በፊት ያውቃል። ሸክላችን ካልተሰበረ አንነካውም።»

ጎርባ በሆዱ ተስቦ ከክምሩ ጫፍ ስድስት ጣት የታተመበትን ሸክላ መዘዘ። በዘምራት ስድስት ጣት ያለው እሱ ብቻ ነው። መዶሻዋን ተቀበላት። እጁ ግን አልወረደም።

«ከሰበርኩት አልጋዬስ?»

«እንጃ ጋሼ።»

«ዘጠና ዓመቴስ?»

«እሱንም እንጃ። ይተዉት፣ ሌላ መላ እንፈልግ።»

ጎርባ ሸክላውን አገላብጦ አየው። «ሃምሳ ዓመት ጀግና ሲሉኝ ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም። ታዲያ ምኑ ነው ጀግንነቱ?»

ሰበረው። ወዲያው ፍርሃት ምን እንደሆነ አወቀ። እየፈራ ጦሩን ይዞ ወደ ድሙር ሮጠ። ድሙር ዱካውን ቢፈልግ አጣው፤ መምጣቱን ያወቀው ጦሩ ጉሮሮው ውስጥ ሲሰካ ነው። ያ ሁሉ ተራራ በጎርባ ላይ ተናደ።

ሐምሪት ስትደርስ ትንሽ ትንፋሽ ቀርቶት ነበር። «ፈርቶ ነበር በዪልኝ» አላት።

የቀሩትን ሸክላዎች፣ የራሷንም ጭምር፣ ሳታነብ ሰባበረቻቸው። አገሯ ስትገባ አንድ ገበሬ ቀርቦ፣ «የእኔስ ምን ይል ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«አላነበብኩትም» አለችው። «ጋሼ ጎርባ ግን ፈርተው ነበር።»

ገበሬው ቆሞ አሰበ። ከዚያ ሞፈርና ቀንበሩን ሊፈልግ ሄደ።