የአቶ ሀብተ ማርያም የመጨረሻ ግምገማ

አቶ ሀብተ ማርያም ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ካለው ቢሯቸው ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ወድቀው ሞቱ። ጠዋት ያገኘቻቸው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ፖሊስ መጥቶ አየና «ራሳቸውን ሳይጥሉ አልቀሩም» ብሎ ሄደ። ለልጃቸው ለማህሌት ከሞቱ የባሰው ይህ ቃል ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለምና ካህናቱ አመንትተዋል፤ ቀብሩ ደግሞ ቅዳሜ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ስለዚህ ዘውዴን ጠራችው። ዘውዴ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ሂትሮው አየር ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ይፈትሻል። ሥራዬ ብዙም አልተለወጠም ይላል፤ ያኔም ዛሬም የሰው ድብቅ ነገር መፈለግ ነው።

ሟቹ የሚሠሩበት ቢሮ አገር ቤት ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ሶፍትዌር እየገመገመ «ይህን ግዙ፣ ያን ተዉ» የሚል ነው። በሞቱበት ምሽት ከኮምፒውተራቸው አንድ ሪፖርት ተልኳል፤ ሶፍትዌሩ ሙከራውን ሁሉ አልፏልና ይገዛ የሚል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና «ፊርማውን ሸጦ ኅሊናው አልችል ብሎት ነው» የሚሉ አልጠፉም። ዘውዴ ሪፖርቱን አትሞ ሲያነብ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦ «የበጀት ዓመት መዝጊያ ሙከራ፣ ጳጉሜን 5፦ አልፏል።» ለማንም ሳያሳይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከሟቹ ሌላ የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያነጋገረው ከሟቹ ጋር አዲስ አበባ በጀት ክፍል የሠሩትን ወይዘሮ እታፈራሁን ነው።

«ያን ቀን ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ያልተጣላንበት ቀን የለም። ቢሮው ሊዘጋብን ነው፣ ሶፍትዌሩን እናሳልፈው አልኩት። እንቢ አለ። አስጨንቄ ገደልኩት እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።»

ቀጥሎ ለንደን ተወልዶ ያደገው የሶፍትዌር ባለሙያ ሳሚር ገባ።

«ጋሼ ሀብቴ ሰባት ጊዜ ቴስት አስደረጉኝ» አለ። «ሰኔ ሠላሳ ላይ ሒሳቡን ክሎዝ ሳደርገው ሰባቴም ክራሽ አደረገ። ከዚያ አልፏል ብለው ላኩ ሲሉኝ… ሜክ ሴንስ አያደርግም።»

የቢሮው ባለቤት ሔኖክ ለንደን የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«እኔ ቴስቱ ውስጥ የለሁበትም፤ የእኔ ሥራ ደንበኛ ማምጣት ነው። ያን ቀን በጊዜ ወጣሁ። ጋሼ ሰሞኑን ዲፕረስድ ነበሩ» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ከሰዓት በኋላ ዘውዴ ሦስቱንም ከማህሌት ጋር ሰበሰባቸው። ወረቀቱን ለሔኖክ ሰጠው።

«ጮክ ብለህ አንብብልን። ስሕተት ካለው ንገረኝ።»

ሔኖክ አነበበ። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ወይዘሮ እታፈራሁ ቀና አሉ። ሳሚርም ፊቱን አጨማደደ።

«ምንም ስሕተት የለውም» አለ ሔኖክ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ ፐርሰንት።»

«በጀት የሚዘጋው እኮ ሰኔ ሠላሳ ነው» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ ቀስ ብለው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ሌሊት ሀብተ ማርያም ቤቱ አድሮ አያውቅም። እሱ ይህን ይስታል?»

«አይስቱም» አለ ዘውዴ። «ስለዚህ ሪፖርቱን እሳቸው አልጻፉትም። እርስዎም አይጽፉትም። ሳሚር ሰባቴ ሰኔ ሠላሳ ላይ የሞከረ ልጅ ነው፤ ጳጉሜንን ከየት ያመጣል? ይህን የጻፈው ሙከራውን ያላየ፣ ዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲያልቅ በጀቱም አብሮ የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ነው። አሁንም እፊታችን አንብቦ ስሕተቱ አልታየውም። አቶ ሀብተ ማርያም በሕይወት ሳሉ ደግሞ በስማቸው ውሸት አያስልኩም። ሔኖክ፣ የሶፍትዌሩ ሻጭ ምን ያህል ኮሚሽን ቃል ገባልህ?»

ሔኖክ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«‹አይገዛም› የሚለውን ሪፖርት ይዘው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ልቀማቸው ስል አለቅም አሉ። ገፋኋቸው… እንዲወድቁ ብዬ አልነበረም።»

«ከወደቁ በኋላ ግን ወደ ኮምፒውተራቸው ሄድክ» አለ ዘውዴ፣ ፖሊስ ለመጥራት ስልኩን እያወጣ።

ማህሌት ቀደመችው። የደወለችው ግን ለፖሊስ አልነበረም።

«አባ፣ አባቴ ተገድሎ ነው። ቅዳሜ ይፍቱልኝ» አለች፤ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።